ማንን እንላክ?

ቡናው እስኪወርድ አንድ ጥያቄ ልጣል። አገር ምድሩን ማሽን ገዝቶታል እንበል። ወዳጅ ዘመድ አልቋል። ከሞት በተረፉት ጥቂት ሰዎች እጅ የቀረው አንድ ዕድል ብቻ ነው፤ ከመካከላቸው የአንዱን መንፈስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ወደኋላ ልኮ፣ ነገር ሁሉ የተበላሸባትን ያቺን አንዲት ቀን ማዳን። ማንን ትልካላችሁ?

ጉልበተኛውን ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሆሊውድም እንደ እናንተ ነው ያሰበው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ኤክስ-ሜን፦ ዴይስ ኦፍ ፊውቸር ፓስት» የተባለ ፊልም ያየ ሰው፣ ሂዩ ጃክማን የሚጫወተው ዎልቨሪን፣ ያ ቢወጉት ቁስሉ ወዲያው የሚሽርለት ጥፍራም ጀግና፣ በ1973 ከአልጋ ላይ ብድግ ሲል ያስታውሳል። ፊልሙ የተቀዳበት ኮሚክ ግን ዎልቨሪንን አልላከም። እንዲያውም ዎልቨሪን እዚያው ቀርቶ ይሞታል። የተላከችው ሴት ናት፤ ስትደርስም ራሷን የምታገኘው በአሥራ ሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ገላ ውስጥ ነው።

የዛሬው ጨዋታዬ በዚች ምርጫ ላይ ነው። ያንን ታሪክ ከአርባ ዓመት በላይ እየደጋገሙ የሠሩት ሰዎች ብዙ ነገሩን ጠብቀዋል፤ ማሽኖቹን፣ ፍርስራሹን፣ ከሰዓት ጋር የሚደረገውን ሩጫ። መልእክተኛውን ግን በየዘመናቸው ቀያይረውታል። እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ፤ አንድ የታወቀ ታሪክ እንደገና ተሠራ ሲባል ቀድሜ የማየው ምን እንደተጨመረበት ሳይሆን ማን እንደተቀነሰበት ነው።

ኮሚኩ የማርቭል ነው። «አንካኒ ኤክስ-ሜን» በምንለው ተከታታይ፣ በቁጥር 141 እና 142፣ የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ 1981 ቀን ታትሞበት ወጣ። በእኛ አቆጣጠር 1973 ላይ መሆኑ ነው፤ ፊልሙ ጀግናውን የሰደደው ወደ ፈረንጆቹ 1973 ስለሆነ፣ የሐበሻ አንባቢ ዓመተ ምሕረት ሲቆጥር ትንሽ ቢደናገር አይፈረድበትም። ጸሐፊው ክሪስ ክሌርሞንት፣ ሠዓሊው ጆን ባይርን ናቸው፤ ታሪኩን የነደፉት ሁለቱ ተጋግዘው ነው፤ የባይርንን እርሳስ በቀለም ያጠነከረው ደግሞ ቴሪ ኦስቲን ነው። የአንዱ እትም ዋጋ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ሁለቱ ተደምረው ሃምሳ ገጽ አይሞሉም። አንድን ጦርነት በሃያ መጽሔት ከፋፍሎ መሸጥ የለመደው የዛሬ አሳታሚ ይህን ሲያይ ሳያፍር አይቀርም።

ሁለቱ ሰዎች ያሰቡት «ወደፊት» 2013 ነበር። በፈረንጅም በሐበሻም አቆጣጠር ካለፈ ቆይቷል። በዚያ ዓመት ኒውዮርክ ፍርስራሽ ናት። ሴንቲኔል የሚባሉት ፎቅ የሚያካክሉ ሮቦቶች የተሠሩት ሚውታንቶችን፣ ማለትም ልዩ ኃይል በደማቸው ይዘው የሚወለዱትን ሰዎች፣ እያሳደዱ እንዲይዙ ነበር። ማሽን የተሰጠውን ትእዛዝ እስከ ጥግ ድረስ ያሰላል፤ ሚውታንትን ለመቆጣጠር ሰውን ሁሉ መግዛት ይቀላል ብለው ሰሜን አሜሪካን ያዙ። ሰው ሁሉ በልብሱ ላይ ፊደል ይለጥፋል። «ኤች» ንጹሕ ሰው ነው፤ መውለድ ይችላል። «ኤ» ሰው ሆኖ በደሙ ውስጥ የሚውታንት ዘር የተገኘበት ነው፤ መውለድ ተከልክሏል። «ኤም» ሚውታንት ነው፤ ያ ደግሞ ወይ ተገድሏል ወይ ታስሯል። ሮቦቶቹ ከአሜሪካ ወጥተው ባሕር ሊሻገሩ ሲዘጋጁ፣ የቀረው ዓለም የኑክሌር ሚሳይሉን ደግኖ ይጠብቃል።

ኤክስ-ሜን ከሚባሉት ሚውታንት ጀግኖች የተረፉት የታጎሩት ሳውዝ ብሮንክስ ካለ ካምፕ ውስጥ ነው። ጓደኞቻቸው የተቀበሩትም እዚያው ነው። ዕቅዱን ከሚያወጡት አንዱ፣ የድሮ ጠላታቸው ማግኒቶ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው ያለው። ልብ በሉ፤ ማግኒቶ በልጅነቱ ከአውሽዊትዝ የተረፈ መሆኑ ለአንባቢ የተነገረው በዚያው ዓመት ትንሽ ቆይቶ፣ በቁጥር 150 ነው። ዛሬ ሁለቱን አከታትሎ የሚያነብ ሰው፣ ያንን ሽማግሌ ከሽቦው ጀርባ ተቀምጦ ሲያይ ሆዱ ይረበሻል፤ የጃንዋሪ አንባቢ ግን ይህን ገና አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ምርጫችን። ሁሉም የተበላሸባት ቀን ኦክቶበር 31 ቀን 1980 ናት። በዚያን ዕለት ሚስቲክ የምትመራው የሚውታንቶች ቡድን፣ ፀረ-ሚውታንት አቋም የነበረውን ሴናተር ሮበርት ኬሊን ገደለው፤ የኤክስ-ሜን መሥራች ፕሮፌሰር ዛቪየርና የሥራ ባልደረባው ሞይራ ማክታገርትም አብረው ሞቱ። አገሩ ደነገጠ፤ የደነገጠ አገር ሴንቲኔሎቹን ፈታቸው። እንግዲህ ያንን ግድያ ለማክሸፍ የአንድ ሰው አእምሮ ወደኋላ ተልኮ የራሱን የልጅነት ገላ መልበስ አለበት። ኃይሉ ያላት ሬቸል የምትባል ቀይ ጸጉር ወጣት ናት። ችግሩ፣ ኤክስ-ሜኖች በሙሉ አእምሯቸውን ከውጭ ጥቃት እንዲከላከሉ የሠለጠኑ ናቸው፤ የራሳቸው የድሮ አእምሮ ራሳቸውን አያስገባቸውም። በ1980 ይህን ሥልጠና ያልወሰደች አንዲት አዲስ ገቢ ብቻ ነበረች፤ ኪቲ ፕራይድ። አሁን ኬት ተብላለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል፤ ባሏ ኮሎሰስ ከጎኗ ታስሯል።

ማለትም የተመረጠችው ከሁሉም በላይ ስለምትችል አይደለም፤ በሯ ገና ስላልተዘጋ ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ሽንቁር በልዕለ ጀግና ኮሚክ ውስጥ አላውቅም። ጉልበት፣ ልምድ፣ ዝና፣ ጥፍር፣ መብረቅ፤ ሁሉም ያለው ሁሉ አይሆንም ተብሎ ቀረ፣ ገና ምንም ያልሆነችው ልጅ ሆነች።

ስትደርስም ክሌርሞንት ወደ ውጊያ አይቸኩልም። ኪቲ ሰማያዊ ቆዳና ጅራት ያለውን ናይትክሮለርን የምትፈራ፣ ሲቀርባት የምትሸሽ ልጅ ነበረች። ኬት ግን ከረጅም ዘመን በፊት የሞተባትን ወዳጅ በሕይወት አግኝታዋለች። ጓደኞቿ ነገሩ እውነት ነው ወይስ ቅዠት እያሉ ሲከራከሩ፣ አንባቢ የሚያምናት በሮቦቱ ወሬ ሳይሆን እሱን በምታይበት ዓይን ነው።

ዋሽንግተን ላይ ብዙ ድብድብ አለ፤ እዘለዋለሁ፣ እናንተም ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ። ወሳኙ ሰዓት ላይ ግን ኬሊን ሊገድል የቀረበው ማን ይመስላችኋል? ዴስቲኒ ናት፤ ወደፊት የሚሆነውን የምታይ ዓይነ ስውር ሴት፣ ቀስት ይዛ። ከወደፊት የመጣችው ልጅ ግድግዳን አልፋ በምትሄድበት ኃይሏ በዴስቲኒ ገላ ውስጥ አለፈች፤ ቀስቱ ሳተ። ለዘመናት ወደፊትን ስታይ የኖረችው ሴት፣ ወደፊት ራሱ እግር አውጥቶ መጥቶ ሲያደናቅፋት! ይህ ሲሆን በ2013 ዎልቨሪንን የሴንቲኔል እሳት እስከ አጥንቱ አቃጥሎታል፤ ጓደኞቹ ስቶርምም ኮሎሰስም ወድቀዋል። ኬት ወደ ዘመኗ ተመለሰች፤ ኪቲም ወደ ገላዋ።

ከዚያስ? ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ፀሐይ ያወጣ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን ከዳነው ሴናተር ጋር ወደ ዋይት ሐውስ ወሰዱን። ኬሊ ተርፏል፤ ሚውታንት ሊገድለው ሞክሯል፤ ሚውታንት አድኖታልም። ከሁለቱ የትኛውን እንዳስታወሰ ገምቱ። በመጨረሻው ገጽ መንግሥት ምስጢራዊ ፕሮግራም ይከፍታል፤ አዳዲስ ሴንቲኔሎች እንዲሠራ የተመረጠው ነጋዴ ሴባስቲያን ሾው ራሱ ድብቅ ሚውታንት ነው። ግድያው ከሸፈ፤ መንገዱ ግን እዚያው ነው።

ባይርን ሐሳቡ ከሰማይ እንዳልወረደለት በኋላ ራሱ ተናግሯል፤ በ1972 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የ«ዶክተር ሁ» ታሪክ፣ «ዴይ ኦፍ ዘ ዳሌክስ»፣ ሳይታወቀው ውስጡ ቀርቶ ነበር። እዚያም ከወደፊት የመጡ አማፅያን አንድ ዲፕሎማት ገድለው ዘመናቸውን ሊያቀኑ ይሞክራሉ። ጥሩ ታሪክ ዘመድ አያጣም። ባይርን ራሱ ከዚህ በኋላ አንድ እትም ብቻ ሠርቶ ኤክስ-ሜንን ለቀቀ፤ ያልተዘጋው በር ለክሌርሞንት ብቻ ቀረለት።

ክሌርሞንትም በሩን ከፈተው። በ1984፣ በቁጥር 184፣ አንዲት ቀይ ጸጉር ወጣት በዛሬዋ ኒውዮርክ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ሬቸል ናት፤ ያቺ የሌላውን አእምሮ የላከችው። አሁን ራሷ በገላዋ መጥታለች። የኤክስ-ሜኖቹ የሳይክሎፕስና የጂን ግሬይ ልጅ መሆኗን እያደር እናውቃለን። በዚህኛው ዘመን ግን እናቷ ጂን በ1980 በታተመው ቁጥር 137 ላይ ሞታለች፤ አባቷ ሌላ ሴት አግብቷል፣ ብዙም ሳይቆይ ወንድ ልጅ ይወለድለታል። ሬቸል የምትወለድበት ቀዳዳ የለም። ልታድነው የደከመችለት ዓለም እሷ አታስፈልገውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኔ ከሮቦቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሬቸል በዚያ በጠፋው ዘመን «ሐውንድ» ነበረች፤ እንደ አደን ውሻ ፊቷ ላይ ምልክት ተደርጎባት፣ አእምሮዋ ተሰብሮ፣ የገዛ ወገኖቿን እያሸተተች የምታስይዝ። ምልክቱን በኃይሏ ትሸፍነዋለች፤ ስትጨነቅ ብቅ ይላል። ጓደኞቿ በሕይወት አሉ፤ ስታያቸው ግን የምታየው ሬሳቸውን ነው፤ ከእነሱ ጋር እራት ትቀመጣለች፣ እነሱ ስለማያውቁት ሞታቸው ማውራት አትችልም። ያልሆነ ጥፋት ያየ ሰው ምን ይባላል? ስደተኛ እንዳንለው የመጣበት አገር የለም፤ እብድ እንዳንለው የሚያወራው ልክ ነው። ክሌርሞንት ሬቸልን ለረጅም ጊዜ በዚህ ሁኔታ ያኖራታል፤ አንዳንዱ ገጽ ይንዛዛል፣ አልክድም፤ ሰውየው ቃል አይቆጥብም።

ከኋላዋም ተከትሎ የመጣ አለ። በ1985፣ በቁጥር 191፣ ከዚያው ዘመን ናምሩድ ደረሰ፤ እንደ ኦሪቱ አዳኝ የተሰየመ፣ የሴንቲኔሎች ሁሉ ቁንጮ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን የመልእክተኛው መቀያየር ይጀመራል። በ1993 ፎክስ ያሳይ የነበረው የኤክስ-ሜን ካርቱን ይህን ታሪክ በሁለት ክፍል አቀረበው። የተላከው ቢሾፕ ነው፤ በኮሚኩ ዓለም በ1991 የገባ፣ ከሌላ ወደፊት የመጣ ጡንቸኛ፣ ትልቅ ጠመንጃ ያነገበ ሰው። ገዳዩ ከኤክስ-ሜኖቹ አንዱ የሆነው ጋምቢት ነው ብሎ ተነስቶ ይመጣል፤ ኋላ ሲታይ ሚስቲክ የጋምቢትን መልክ ለብሳ ነው። ቢሾፕን አልጠላውም፤ ካርቱኑም ለዚያ ዘመን ልጆች ኤክስ-ሜንን ያስተዋወቀ ውለታ አለው። ነገር ግን ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሰው የሚሰማው ጠመንጃ ስለያዘ ነው። ኬት ሰዎች እንዲያምኗት ማሳመን ነበረባት።

የ2014ቱ ፊልም ምክንያት አበጀ፤ አእምሮ ሃምሳ ዓመት ወደኋላ ሲጎተት ይቀደዳል፣ የሚሽርለት የዎልቨሪን ብቻ ነው። ብልህ ማመካኛ ናት። ኮሚኩ ደካማዋን የመረጠበትን ቦታ ወስዶ ጠንካራውን አስቀመጠበት። ኪቲ አለች፤ ግን እጇን በዎልቨሪን ግንባር ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ የሬቸልን ሥራ ይዛ። ሬቸል ደግሞ ጭራሽ የለችም። ለፊልም ዋና ተዋናይ ያስፈልጋል፤ ይገባኛል፤ ከ740 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ሥራን በዚህ ማማት ቀላል አይደለም። ግን ወሳኙ ሰዓት ላይ ዎልቨሪን የት እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ማግኒቶ በብረት ዘንግ ሰፍቶ ወንዝ ውስጥ ጥሎት ነበር! የፊልሙን ሴንቲኔሎች የሠራውን ትራስክን ከመግደል ሚስቲክን የመለሳት የዛቪየር ልመና ነው። ሃምሳ ዓመት የተላከው ጀግና ውሃ ሥር ተኝቶ ሳለ ታሪክ ያለ እሱ ተቃና። ፊልም ሠሪዎቹ አስበውት ይሁን ሳያስቡት፣ ጉልበተኛው እንዳላስፈለገ ራሳቸው መስክረዋል።

መጨረሻውንም አሳመሩት። ዎልቨሪን ሲነቃ ትምህርት ቤቱ ሞልቷል፤ የሞቱት ጂንና ሳይክሎፕስ ቆመው ያናግሩታል። አላስለቀሰኝም አልልም። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ «ሎጋን» የተባለው ፊልም መጥቶ፣ በ2029 ሚውታንት የለም ማለት በሚቻልበት ዓለም ያንኑ ሰው አስታምሞ ቀበረው። የተዘጋ የመሰለው በር በሌላ በኩል ተበርግዷል።

ከኮሚኮቹ ደግሞ ብዙ ሰው የማያነሳትን አንዷን ማስተጋቢያ ልንገራችሁ። በቁጥር 141 ኬሊን ሊገድሉ ከመጡት አንዱ እሳት የሚያዝዘው ፓይሮ ነበር፤ መጀመሪያ የታየውም እዚያው ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2001 አካባቢ በወጣ ታሪክ፣ ያው ፓይሮ በበሽታ ሊሞት ሲል ኬሊን ከግድያ አድኖ ይሞታል። ሴናተሩ ልቡ ተነካ፤ ስለ ሚውታንቶች አቋሙን ቀየረ። ቀየረና ሚውታንት የሚጠላ ተራ ሰው፣ ከዳን ብሎ፣ ገደለው። የ1981ዱ ታሪክ ሁሉ የተንጠለጠለው ኬሊ በሚውታንት እጅ እንዳይሞት በሚለው ላይ ነበር። በሰው እጅ ሲሞት ሰማይ አልተናደም፤ ሴንቲኔል አልወጣም። ገዳዩ ማን እንደሆነ ነበር እንጂ ሟቹ ማን እንደሆነ ለካ ያን ያህል አያሳስብም ኖሯል።

በመካከሉ፣ በ1995፣ «ኤጅ ኦፍ አፖካሊፕስ» የተባለው መጣ፤ ዛቪየር በወጣትነቱ ተገድሎ አፖካሊፕስ የገዛው ዓለም። ማርቭል የኤክስ-ሜን መጽሔቶቹን በሙሉ ለአራት ወር ዘግቶ በሌላ ስም አወጣቸው። ድፍረቱ ይደነቃል፤ ሥዕሉም ይማርካል። እኔን ግን እንደዚያች ሃምሳ ገጽ አልያዘኝም፤ ሁሉም ነገር ሲገለበጥ የምትይዘው አንድ ሰው ታጣለህ።

ወደ ናምሩድ ልመለስ። በ2019 ጆናታን ሂክማን «ሐውስ ኦፍ ኤክስ» እና «ፓወርስ ኦፍ ኤክስ» የተባሉ ሁለት ተያያዥ ተከታታዮች ጻፈ። የመረጠው መልእክተኛ ማን ነው? ሞይራ ማክታገርት፤ ያቺ በ1980ው ግድያ ከኬሊ ጎን ሞተች ተብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈችው ሴት። ከአርባ ዓመት በላይ ተራ ሰው ናት ስትባል ኖራ፣ ለካ እሷም ሚውታንት ናት፤ በሞተች ቁጥር ያለፈውን ሁሉ እያስታወሰች እንደገና ትወለዳለች። በእያንዳንዱ ሕይወቷ ሌላ መንገድ ትሞክራለች። በሦስተኛው ሕይወቷ ለሚውታንትነት «መድኃኒት» ልታገኝ ስትል ዴስቲኒ ትመጣና ትገሥጻታለች፤ በቀስታ የሚያቃጥላት ደግሞ ፓይሮ ነው። የ141 ሰዎች በሙሉ ስብሰባ ላይ ናቸው! በየሩቁ ወደፊትም ናምሩድ ይጠብቃል። ሂክማን የሚለው ከክሌርሞንት የጠቆረ ነው፤ አንዲት ቀን ብታቀና ማሽኑ በሌላ ቀን ይመጣል። ጉልበተኛ ግን አልላከም፤ ማንም ልብ ያላላትን ሴት ላከ። ለዚህ ብቻ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

በዚያው ዘመን በጄሪ ደገን በተጻፈው «ማራውደርስ» ኪቲ አድጋለች። ሚውታንቶች ክራኮአ የምትባል የራሳቸው ደሴት አገር አግኝተዋል፤ ወደዚያ የሚያሻግረው በር ለሁሉም ይከፈታል፣ ግድግዳ አልፋ ለምትሄደው ለእሷ ብቻ እምቢ ይላል። መርከብ ይዛ ባሕር ወጣች፤ ካፒቴን ሆነች። ከእንግዲህም ኪቲ ሳይሆን ኬት ብላችሁ ጥሩኝ አለች። በ1981 ያነበበ ሰው ያንን ስም ሲሰማ የሚያስታውሰውን አስቡት።

ማንበብ ያማራችሁ በ141 ጀምሩ፤ ሽፋኑ ላይ ዎልቨሪንና ኬት ከጀርባቸው የጓደኞቻቸው ፎቶ ላይ «ተገደለ»፣ «ተያዘ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ፖስተር ተለጥፎ ቆመዋል፤ ስንቱ ሠዓሊ እንደቀዳው አይቆጠርም። የ142ን ሽፋን ግን አትዩት፤ በዚህኛው እትም ሁሉም ይሞታል ብሎ በትልቁ ጽፎበታል፣ አሳታሚው ምስጢር መጠበቅ አያውቅም። ቀጥሎ 184ን ለሬቸል፣ ከዚያ ሂክማንን። ፊልሙን ለመጨረሻ አቆዩት።